የቤት መግቢያ፦ ካቢኔው ከመሠራቱ በፊት ምን ይለካ?

የውይይት ክሩን፣ ማለትም ጥያቄና መልሱ በተከታታይ የተጻፈበትን ገጽ፣ የከፈተው ሰው ጥያቄውን ከነልኩ ነው ያቀረበው። መግቢያው 130 ሳ.ሜ. ስፋትና 260 ሳ.ሜ. ርዝመት አለው። በሩ 90 ሳ.ሜ. ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ማጠፊያው በስተቀኝ ነው። ቤተሰቡ አምስት ነው፦ ባልና ሚስት፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት። ጠዋት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራቱ ተከታትለው ይወጣሉ። ጫማው ደጃፉ ላይ ይከመራል፣ ቁልፍ ይጠፋል፣ የተማሪ ቦርሳ መሬት ላይ ይጣላል። ጥያቄው እንግዲህ የግራውን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚሸፍን፣ 40 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ባለመዝጊያ ካቢኔ ላሠራ ወይ የሚል ነው። መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አስቀምጣቸዋለሁ፤ የራሴን ሐሳብ የምጨምርበትም ቦታ አለ።

1ኛው መልስ በትሕትና የቀረበ ነው። ካቢኔው ለአንድ ሳምንት ይቆይና መጀመሪያ ዕቃው በራሱ ጊዜ የት እንደሚወድቅ ይመዝገብ ይላል። አንድ ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል፤ ጠዋትና ማታ ማን ምን የት እንዳስቀመጠ በአጭሩ ይጻፋል። ቅዳሜና እሑድም መካተት አለባቸው፣ የሳምንቱ መጨረሻ ጫማና ዕቃ ከሥራ ቀኑ ይለያልና። በዚያው ሳምንት የታሰበው ካቢኔ ስፋትና ጥልቀት ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ይሰመርና መስመሩ ውስጥ ባዶ ካርቶን ይደረደራል። በካርቶኖቹ ጥግ ማለፍ በሁለተኛው ቀን ካሰለቸ ካቢኔውም ያሰለቻል። ከክሩ ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ምክር ይኸኛው ይመስለኛል።

2ኛው ተስማምቶ አንድ ነገር ይጨምራል። የመግባትና የመውጣት ቅደም ተከተል አንድ ስላልሆነ ለየብቻ ይጻፉ ነው የሚለው። የሚገባ ሰው መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የእጁን ዕቃ፣ ከዚያ ኮቱን፣ በመጨረሻ ጫማውን ይለቃል። የሚወጣው ደግሞ ከጫማ ይጀምርና ኮት፣ ቦርሳ፣ ቁልፍ ብሎ ይጨርሳል። ቁልፍ በመግባት የመጀመሪያው፣ በመውጣት የመጨረሻው ነውና ቦታው በሩ አጠገብ፣ በእጀታው በኩል ነው። ጫማ ግን በተቃራኒው ወደ ውስጠኛው ጫፍ ይሄዳል። ለእኔ የመግቢያው አሠራር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የቀረው የሳንቲ ሜትር ጉዳይ ነው።

3ኛው ቀጥታ ወደ ልኩ ይገባል። በሩ ከነመቃኑ 100 ሳ.ሜ. ያህል ስለሚወስድ፣ ማጠፊያው ደግሞ ቀኙን ግድግዳ ተጠግቶ ስለቆመ፣ በግራ በኩል የሚተርፈው 30 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። 40 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ካቢኔ እዚያ ከቆመ 10 ሳ.ሜ. ያህሉ በበሩ መግቢያ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃ ተሸክሞ የሚገባ ሰው በየቀኑ በትከሻው ይገጨዋል። የቀኙ ግድግዳ የመጀመሪያ 95 ሳ.ሜ. ደግሞ የበሩ መዞሪያ ስለሆነ ከበሩ እጀታ ውፍረት፣ ማለትም ከ6 ወይም 7 ሳ.ሜ. በላይ የሚወጣ ነገር አይችልም። በሁለቱም ግድግዳ ላይ ዕቃ ከተሠራ፣ በግራ 35 በቀኝ 18 ቢባል እንኳ፣ ለማለፊያ የሚቀረው 77 ሳ.ሜ. ነው። ለብቻ ለሚያልፍ ሰው 90 ሳ.ሜ. ዝቅተኛው ነው፤ ሁለት ሰው ለሚተላለፍበት ደግሞ 110 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥልቀት ያለው ነገር በግራ ብቻ ይሁን፤ ቀኙ ጠፍጣፋ ነገር ብቻ ይያዝ።

ይኸው መልስ ስለ በር ማቆሚያም ጥቂት ብሏል። ማቆሚያው ወደ ማጠፊያው ተጠግቶ ከተተከለ በሩ በኃይል ሲከፈት ጫናው ሁሉ ማጠፊያው ላይ ያርፍና ብሎኖቹን ከእንጨቱ ይነቅላል። ወደ እጀታው በኩል፣ ከበሩ ስፋት ሁለት ሦስተኛውን ያለፈ ቦታ ላይ መተከል አለበት።

4ኛው ለአምስት ሰው በነፍስ ወከፍ ሁለት መስቀያ ሲታሰብ አሥር እንደሚሆን ቆጥሮ ሁለት ረድፍ እንዲሠራ ይመክራል፦ ላይኛው ለአዋቂ 165 ሳ.ሜ. ላይ፣ ታችኛው ለልጆች 105 ሳ.ሜ. ላይ። ሲታይ ጥሩ ይመስላል፤ በብዙ ሥዕልም ላይ የሚታየው እንዲሁ ነው።

5ኛው ይህን ያርማል፣ እርማቱም ልክ ነው። የአዋቂ ኮት ከተሰቀለበት ወደ ታች አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል። 165 ላይ የተሰቀለው ጫፉ 65 አካባቢ ይደርስና የልጆቹን መስቀያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ልጅ በአዋቂ ኮት ሥር ገብቶ መስቀያ አይፈልግም፤ ጃኬቱን መሬት ይጥለዋል። መፍትሔው ጎን ለጎን ማድረግ ነው፦ የልጆቹ 40 ሳ.ሜ. ስፋት ለብቻው፣ የአዋቂዎቹ አጠገቡ። ለእያንዳንዱ ሰው ባለሁለት ጥርስ መስቀያ አንድ ይበቃዋል፤ በላይኛው ጥርስ ኮት፣ በታችኛው ቦርሳ። በመስቀያዎቹ መካከል ለልጅ 20፣ ወፍራም ልብስ ለሚሰቅል አዋቂ 25 ሳ.ሜ. ይተዋል። የልጆቹ ጣውላ በየ10 ሳ.ሜ. ቀዳዳ በተበጀላቸው ሁለት ቋሚ እንጨቶች ላይ ቢታሰር፣ ልጆቹ ሲያድጉ በሁለት ብሎን ተፈትቶ ወደ ላይ ከፍ ይላል። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሳ.ሜ. ስለሚያድግ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀዳዳ ማለት ነው። ለአያት ደግሞ 140 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳት ለአረጋዊ ሰው ከባድ ነው።

6ኛው ስለ ግድግዳው ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ራሱ ያብራራል። ባዶ ሆድ ብሎኬት ከሆነ የሚይዘው የፊት ቅርፊት 3 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ትራፓኖው በመዶሻ ስልት ሲበሳ የቅርፊቱ የውስጥ ገጽ ይረግፍና ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) የሚነክሰው ያጣል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ መዶሻው ጠፍቶ በማሽከርከር ብቻ ይበሳ፣ ለባዶ ሆድ ብሎኬት የተሠራ ረዘም ያለ ፊሸር ይግባ፤ ከባድ ጫና ለሚሸከም ደግሞ የኬሚካል ማጣበቂያ ከነወንፊቱ (ማጣበቂያው ወደ ብሎኬቱ ባዶ ሆድ እንዳይፈስ ከሚይዘው ቱቦ ጋር) ይሁን። መስቀያዎች አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ አይተከሉም። 2 ሳ.ሜ. ውፍረትና 12 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ በየ40 ሳ.ሜ. በ8 ሚሊሜትር ፊሸር ይታሰራል፣ መስቀያዎቹ ጣውላው ላይ ይታሰራሉ። በዚህ መንገድ የአንዱ መስቀያ ጫና ለብዙ ፊሸር ይከፋፈላል። በደብተር የተሞላ የተማሪ ቦርሳ 5 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ልጁ መስቀያውን ይዞ ሲንጠለጠል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የጂፕሰም ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ጣውላው ከኋላ ያሉትን ቋሚዎች ማግኘት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ40 ወይም በየ60 ሳ.ሜ. ይገኛሉ።

7ኛው አጭር ነው። አግዳሚ ወንበሩ በሩ አጠገብ ይሁን፣ ጭቃ ወደ ውስጥ አይግባ ይላል።

ከዚህ በኋላ ቃና ተቀየረ። 8ኛው ሰባተኛውን ኮሪደሩን ሳትለካ ነው የጻፍከው በሚል መንፈስ ያርመዋል። ወንበሩ 35 ሳ.ሜ. ቢጠልቅ፣ ጫማ ለማሰር ያጎነበሰ ሰው ከፊቱ ሌላ 60 ሳ.ሜ. ይይዛል። ከ130ው ላይ የሚተርፈው 35 ሳ.ሜ. ነው። በሩ አጠገብ አንድ ሰው ተቀምጦ ሳለ በሩ አይከፈትም፣ ሌላውም አይወጣም። አራት ሰው በግማሽ ሰዓት ለሚወጣበት ቤት ይህ የጠዋቱ ማነቆ ነው። 9ኛው በሰባተኛው ወገን ተሰልፎ፣ ወንበሩ ከውስጥ ጫፍ ከሆነ ቆሻሻው 2 ሜትር ተኩል ይጓዛል፣ ወለል የሚያጸዳው ሰው አልታሰበም ሲል በቁጣ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ።

10ኛው መልስ ነገሩን ያስታረቀው ይመስለኛል። መግቢያው በሙሉ፣ 260 ሳ.ሜ.ው ሁሉ፣ የጫማ ወለል ተብሎ ይቆጠር፤ ድንበሩ ውስጠኛው ጫፍ ይሁን፣ ወንበሩም ድንበሩ ላይ ይቀመጥ። ገቢው በጫማ ይደርሳል፣ ይቀመጣል፣ ጫማውን በወዲህ ያወልቅና እግሩን ወደ ንጹሕ ወለል ያዞራል። በካልሲ ተመልሶ ቆሻሻውን ላለመርገጥ ግን ጫማው በተቀመጠበት እጁ የሚደርስበት ቦታ መኖር አለበት። 80 ሳ.ሜ. በሚሆነው ወንበር ሥር አንዱ ጥንድ 22 ሳ.ሜ. ሲወስድ በአንድ ረድፍ ሦስት ጥንድ፣ በሁለት ረድፍ ስድስት ጥንድ ይገባል፤ ለአምስት ሰው የዕለት ጫማ በቂ ነው። ሁለተኛው ጥንድ በኮቶቹ ሥር በሚሠራው መደርደሪያ ላይ ይሆናል። ከዚያ የተረፈው መኝታ ቤት ይሂድ። የመደርደሪያው ጥልቀት 32 ሳ.ሜ.፣ በረድፎች መካከል 17 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ ቡት ጫማ ካለ አንዱ ክፍል 42 ይተውለት።

ይኸው ሰው የግራውን ግድግዳ ድምር ሠርቶ አሳይቷል፦ በሩ ጥግ 40 ሳ.ሜ. ለቁልፍና ለእጅ ዕቃ፣ 18 ሳ.ሜ. ብቻ የሚጠልቅ መደርደሪያ፤ ቀጥሎ 140 ሳ.ሜ. ለኮት፣ ማለትም ለሦስቱ አዋቂዎችና ለአንድ እንግዳ በየ25፣ ለሁለቱ ልጆች በየ20፤ በመጨረሻ 80 ሳ.ሜ. ወንበር። ልክ 260 ይመጣል። ቁልፉ ግን በመስታወት ወይም በደብዳቤ ማስገቢያ በኩል ከውጭ እንዳይታይና በሽቦ ተስቦ እንዳይወጣ፣ ከመደርደሪያው በታች በኩል ይሰቀል ሲል አሳስቧል።

11ኛው ስለ አያት ተቆርቁሯል፤ እስካሁን የጠቀሳቸው አንድ ሰው ብቻ መሆኑንም ሳይናገር አላለፈም። ብዙ የመግቢያ ወንበር 43 ሳ.ሜ. ከፍታ ተደርጎ ይሠራል፤ ጉልበት ለሚያመው ግን 47 ይሻላል፣ ለመነሣት የሚታጠፈው ጉልበት ይቀንሳልና። ልጆቹ እግራቸው እንዳይንጠለጠል ከወንበሩ ሥር የሚሳብ 20 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው የእግር መርገጫ ይበቃቸዋል። አጠገቡ ከወለል 75 ሳ.ሜ. ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ 50 ሳ.ሜ. ቁመት፣ 3 ሳ.ሜ. ተኩል ያህል ውፍረት ያለው መያዣ ቱቦ ይተከል። ይህን ቱቦ በመስቀያ ፊሸር ማሰር አደጋ ነው፤ የሰው ክብደት በድንገት ያርፍበታል። ስድስተኛው ስለ ኬሚካል ማጣበቂያ ያለው እዚህ ግዴታ ነው።

12ኛው ስለ ምንጣፍና ወለል ነው፤ በጣም ሰፍቷል፣ አሳጥሬዋለሁ። አንድ ምንጣፍ ሁለት ሥራ አይሠራም። ከውጭ ሻካራው ጭቃ ይፍቃል፤ ከውስጥ የሚመጥ ጨርቅ ውሃ ይይዛል። እያንዳንዱ እግር ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲረግጠው የውስጡ 150 ሳ.ሜ. ይርዘም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ነው፦ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት 10 ሚሊሜትር ሆኖ ምንጣፉ 16 ከሆነ በሩ ይገፋዋል፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ አያትም ይደናቀፉበታል። ወይ 8 ሚሊሜትር የሚሆን ስስ ምንጣፍ ከማይንሸራተት የጎማ ገጽ ጋር፣ ወይ ወለሉ ገና እየተሠራ ከሆነ ምንጣፉ የሚገባበት 17 ሚሊሜትር ጉድጓድ ከነብረት ጠርዙ። ምንጣፉን ከበሩ መዞሪያ ውጭ ማስጀመር ዘዴ አይደለም፤ ቆሻሻው የሚራገፈው በመጀመሪያው እርምጃ ነው። የሚያብረቀርቅ ፖርሰሊን ሲረጥብ ያንሸራትታልና በመንሸራተት ደረጃው ቢያንስ አር 10 የሆነ (ቁጥሩ ሲጨምር ማንሸራተቱ ይቀንሳል)፣ ደብዛዛ ገጽ ያለው ይመረጥ። የግድግዳውም ቀለም እስከ 120 ሳ.ሜ. ድረስ የሚታጠብ ዓይነት ይሁን፤ ቦርሳና ክርን የሚነካው እስከዚያ ነው።

13ኛው ከርዕስ ወጣ። ቁልፍ ከተነሣ አይቀር ብሎ፣ የበሩ ቁልፍ እየጠበቀ አልዞር ስለሚል የምግብ ዘይት ቢጨመርበት ይሻል እንደሆነ ይጠይቃል። 14ኛው ወዲያው ከልክሎታል፦ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ የሚጨመረው የግራፋይት ዱቄት ነው፣ ከሌለ ቁልፉን በለስላሳ እርሳስ ቀብቶ ደጋግሞ ማስገባት ይረዳል። አስቀድሞ ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ ቁልፉ ይሞከር። ተከፍቶ በቀላሉ ዞሮ ሲዘጋ የሚጠብቅ ከሆነ ችግሩ ጉርጓዱ ውስጥ አይደለም፤ በሩ ወርዶ ምላሱ ከመቃኑ ቀዳዳ ጋር ስለማይገጥም ነው፣ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ይታዩ። ከርዕስ ወጥቶም ቢሆን መግቢያ ላይ ቆሞ ለሚታገል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

15ኛው ሁለቱንም ገሥጾ ወደ ጥያቄው ይመልሳል፦ ሰውየው የጠየቀው ባለመዝጊያ ካቢኔ ነው፣ አሥራ አራት መልስ አልፎ ማንም አልመለሰለትም። መልሱ አይሆንም ነው፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ መዝጊያ ከፍቶ መስቀል ሁለት ድርጊት ነው፤ እጁ የሞላ ሰውና የ6 ዓመት ልጅ አንዱን ብቻ ነው የሚያደርጉት። ሁለተኛ፣ እርጥብ ጫማ ተዘግቶበት ይሸታል፣ ይሻግታል። የግድ መዝጊያ ከተፈለገ ከታችና ከላይ አየር ማስገቢያ ይበሳ፣ ጀርባው ከግድግዳው 3 ሳ.ሜ. ይራቅ። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ከሥር ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ጠርዛቸው ይላጣል። የታችኛው ሣንቃ ኮምፔንሳቶ ሆኖ ጠርዙ ይታሸግ፣ ሁሉም በ12 ሳ.ሜ. እግር ይነሣ፤ መወልወያውም ሥሩ ይገባል። ጃንጥላም ተዘግቶ አይቀመጥ፤ 3 ሳ.ሜ. ጥልቀት ባለው ሳህን ላይ ተሰቅሎ ይንጠብጠብ። አባባሉ ከረር ያለ ቢሆንም ለጥያቄው ቀጥተኛውን መልስ የሰጠው እሱ ነው።

16ኛው ልጁ የኤሌክትሪክ ስኩተር ካለው ከወንበሩ ሥር ሶኬት ተደርጎ ሌሊቱን ቻርጅ ይደረግ ይላል። 17ኛው በክሩ ውስጥ ከሁሉ የመረረው ነው፣ መማረሩም ይገባል፦ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሲነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን በጭስና በነበልባል ይሞላል፣ በውሃ ጠፋ ሲባልም መልሶ ይነሣል። መግቢያው የቤተሰቡ ማምለጫ መንገድ ነው። ሁሉም ተኝቶ ሳለ ብቸኛው መውጫ ላይ እሳት የሚያስነሣ ነገር ማስቀመጥ በምንም መልኩ አይመከርም። ለስልክ አንድ ሶኬት በቁልፉ መደርደሪያ ላይ ይበቃል። የቤቱ ማብሪያ ሳጥን ወይም ቆጣሪ መግቢያው ውስጥ ከሆነም በኮት አይሸፈን፤ ፊቱ ክፍት ይሁን፣ በጨለማ እጅ የሚደርስበት መሆን አለበት።

18ኛው ጸጥ ባለ ድምፅ ስለ መስታወት ይጽፋል። ቦታው የቀኙ ግድግዳ ነው፣ ከበሩ መዞሪያ ያለፈው። ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ይበልጥ ራሱን ያያል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ቀጥ ብሎ በተሰቀለ መስታወት ላይ ርቀት ለውጥ አያመጣም። የታችኛው ጠርዝ የአጭሩ ሰው ዓይን ከወለል ያለው ከፍታ ግማሽ ላይ ይውላል፦ ቁመቱ 115 ሳ.ሜ. ለሆነ ልጅ ዓይኑ 105 ላይ ስለሆነ 52 ያህል። የላይኛው ጠርዝ በረጅሙ ሰው ዓይንና አናት መካከል ነው፦ 180 ሳ.ሜ. ለሆነ ሰው 175 ገደማ። ከ50 እስከ 175 የተሰቀለ 125 ሳ.ሜ. መስታወት ለአምስቱም ከእግር እስከ ራስ ያሳያል። ልጅ ሊጋጨው ስለሚችል ጀርባው የደኅንነት ፊልም የተለጠፈበት ይሁን።

19ኛው የመብራትን ነገር አነሣ። ማብሪያ ማጥፊያው በእጀታው በኩል፣ 105 ሳ.ሜ. ላይ ቢሆን ልጁም ይደርሳል። እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ከተገጠመ በቀጥታ ወደሱ ለሚመጣ ሰው ዘግይቶ፣ ከፊቱ አቋርጦ ለሚያልፍ ግን ቶሎ ስለሚነቃ ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ከጎን ይተከል። ጫማ የሚያስር ሰው ብዙም ስለማይንቀሳቀስ በ30 ሰከንድ የሚጠፋ ከሆነ ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ ሦስት ደቂቃ ይሰጠው።

20ኛው የጠያቂው ነው። አመስግኖ ካቢኔውን መተዉን ይናገርና የሥራውን ቅደም ተከተል ያቀርባል፦ ጣውላውንና ወንበሩን ማሰር፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ የሶኬቱን መስመር መዘርጋት። 21ኛው ተራው መገልበጡን አሳይቶት ክሩ እዚያ ይቆማል። መጀመሪያ ለሶኬቱና ለመብራቱ ግድግዳው ይፈለፈላል፣ መስመሩ ይዘረጋል፣ ይለሰናል፤ ልስኑ በደንብ ሲደርቅ ቀለም ይቀባል፤ ጣውላው፣ ወንበሩና መያዣ ቱቦው የሚታሰሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከመበሳቱ በፊት ሽቦው ያለፈበት ቦታ በፎቶ ከነሜትሩ ይያዝ። ልጆቹም በአካል ቆመው እጃቸው ሳይንጠራራ የሚደርስበት ከፍታ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፤ በክሩ የተሰጠው 105 መነሻ ልክ ነው፣ የነሱ እጅ ከዚያ 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል።